የጋሽ ይልማ ብልቃጦች

አፈር ሲቀቀል ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ዝናብና የድንች ልጣጭ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው፣ ላያቸው ላይ ትንሽ ዝገት የተነሰነሰባቸው ይመስላል። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሰርግ ድሬ ዳዋ ሄጄ በሳቢያን ሰፈር በኩል በባጃጅ ሳልፍ፣ አንድ ችግኝ ሻጭ በግማሽ በርሜል አፈር እያበሰለ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ባጃጁን አስቆምኩት።

"ዕቃ ረሳሽ እንዴ?" አለኝ ሹፌሩ።

"አይ፤ ትንሽ ቁምልኝ፣ አቦ።"

ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ምን እንደሆንኩ ላስረዳው አልቻልኩም። አስር ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ እንዲህ የሚሸት ድስት ፊት ቁጭ ብዬ አማስል ነበር። ያንን ዓመት እስካሁን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ግቢያችን ሦስት ቤት ነበረው። አንዱ የእኛ ነው። አባቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል፤ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነበር። ሦስተኛው፣ በግቢው ጫፍ የኒም ዛፉ ጥላ የሚያርፍበት፣ የጋሽ ይልማ ነው።

እናቴ ዘሃራ እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም አልቆዩላትም። በዚህኛው ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ ስላዘዘቻት፣ ቀኑን ሙሉ በጎኗ ተኝታ በመስኮቱ ዛፉን ታያለች። የቤቱ ሥራ ግማሹ በእህቷ በሃሊማ፣ ግማሹ በእኔ ላይ ወደቀ። የእኔ ውሃ ነበር። ቧንቧው በአራት ቀን አንዴ ይመጣል፤ በመጣ ቀን ጀሪካኖቹን አሰልፌ እሞላለሁ፣ አንድ በአንድ ወደ ቤት እጎትታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጀሪካን እየጎተትኩ በጋሽ ይልማ በር ሳልፍ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ማነሽ?"

"ሰሚራ ነኝ፣ ጋሼ።"

"የዘሃራ ልጅ። ዓይንሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"እንግዲያስ ግቢ። ዓይን ቸግሮኛል።"

ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ማለት ነውር የለበትም። ጋሽ ይልማን ግን ግቢው በሙሉ "አንቱ" ይላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ሰው መምጣቱን እንጂ ማን መሆኑን አይለዩም። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው እትዬ አስቴር ከሞቱ ቆይተዋል።

ክፍሉ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መስኮት ስር፣ በሸክላ የተተከለ አንድ ነገር ነበር። አገዳው እንደ ፈረስ ጭራ ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ቅጠሎቹ ትንንሽ ማራገቢያ ይመስላሉ። አብዛኛው ደርቆ ሦስት ዘለላ ብቻ ቀርቶታል።

"ፈርን ይባላል" አሉኝ። "አስቴር ናት ያመጣችው። በሐረር መንገድ ተራራው ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበት አለት ነበር፤ ከእዚያ ነቅላ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልላ። አሁን ምንጩ ደርቋል። ሰው ልኬ አስፈልጌ ነበር፣ አለቱ ነጭ ሆኗል አሉኝ። ያለው እንግዲህ ይሄ ነው።"

"ፍሬውን ለምን አትተክሉትም?"

"ፍሬ የለውም።"

"አበባውንስ?"

"አበባም የለውም።"

"ታዲያ በምን ይወልዳል?"

ሳቁ። አንዱን ቅጠል በጣታቸው ዳብሰው ገለበጡትና አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በእጥፋቱ ስር ቡናማ ነጠብጣብ ተደርድሯል።

"ብናኝ ነው፤ ስፖር እንለዋለን። ዘር እንዳይመስልሽ። ዘር ውስጥ ልጁ ተኝቶ ይጠብቃል። እዚህ ውስጥ ልጁ ገና የለም።"

"ምን አለ ታዲያ?"

"ልጁን የሚወልደው አለ።"

አልገባኝም፤ ግን ሥራውን ወደድኩት። አፈር ነፍተን፣ ከሰልና የተፈጨ ሸክላ ጨምረን፣ ሌላ ነገር እንዳይበቅልበት ቀቀልነው። ሦስት የማርማላታ ብልቃጦች በፈላ ውሃ አጠብን። የቀሩትን ሦስት ዘለላዎች ቆርጠን በጋዜጣ መሃል አስተኝተን ከቀናት በኋላ ስንከፍተው፣ ወረቀቱ ላይ እንደ በርበሬ ያለ ዱቄት ቀርቶ ነበር። ጋሽ ይልማ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ በየብልቃጡ ያራገፍኩት። "አትተንፍሺ" አሉኝ። አልተነፈስኩም። ክዳኖቹን ገጥመን መስኮቱ ላይ ደረደርናቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማየት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመነጽሩ አያለሁ፣ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

"ደህና ናቸው" አልኩ በመጀመሪያው ቀን።

"'ደህና' ምንም አልነገረኝም። ስንት ነው? ምን ያህላል? ምን ይመስላል? እኔ በአንቺ አፍ ነው የማየው።"

ለሁለት ሳምንት አፈር ብቻ ነው ያየሁት። በሦስተኛው አፈሩ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ነገር ተሰራጨ። ደግሞ ቆይቶ፣ የጥፍሬን ሩብ የማያህሉ፣ መሬት ላይ ልጥፍ ያሉ ቅጠሎች ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው ከላይ ገባ ብለው።

"ልብ ይመስላሉ፣ ጋሼ።"

"ስንት ናቸው?" አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጦ።

በዚያ ቀን ነው የነገሩኝ። እነዚህ ልቦች ገና ፈርን አይደሉም። በሆዳቸው በኩል ወንዱም ሴቱም አለ። ወንዱ በዓይን የማይታይ ነው፣ ወደ ሴቷ የሚሄደውም እየዋኘ ነው። ውሃ ከሌለ መንገድ የለውም። ከተገናኙ ብቻ ከልቧ ስር አንዲት የተጠቀለለች ቅጠል ትወጣለች፤ እሷ ናት ልጅቷ።

"ስንት ውሃ ነው የሚፈልገው?"

"ጠብታ ይበቃዋል።"

ያን ዕለት እናቴ ጎን ቁጭ ብዬ "አባ ዋና ይችላል?" አልኳት።

"አባትሽ?" አለች። "ደቻቱን በመሰለ ደረቅ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የት ተምሮ? አሸዋ ላይ?" ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ለምን ጠየቅሽ?"

አልነገርኳትም። ሦስቱ ወንድሞቼና እህቶቼ ለምን እንዳልቆዩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስጌዋ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጥ ጀመር፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየቀየርኩ። "ይቺ ልጅ ልታሰምጠኝ ነው" ትላለች ለሃሊማ፤ ግን ትጠጣዋለች።

ልቦቹ ሲጠነክሩ ጋሽ ይልማ "ከነገ ጀምሮ ውሃ እናርከፈክፋለን፤ መንገድ እንሥራላቸው" አሉ። አፍልተን ያቀዘቀዝነውን ውሃ በጥርስ ብሩሽ ጫፍ እየነከርኩ ብልቃጦቹ ውስጥ እረጫለሁ። ይሄንን ሁለት ጠዋት ሠራሁ። በሦስተኛው ጠዋት ሦስቱንም ክዳኖች ከፍቼ መሃለኛው ላይ ሳለሁ፣ ሃሊማ ከቤታችን ስሜን ጠራች። ደግማ ጠራችኝ። አጠራሯን ሰምቼ ብሩሹን ጥዬ ሮጥኩ።

እናቴ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ወለሉ ላይ ደም ነበር። ጋሽ ይልማ ግድግዳ እየዳበሱ እስከ በሩ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙልን። ሃሊማና እናቴ ሄዱ፤ እኔን ከሰዓት በኋላ የሃሊማ ልጅ መጥታ ደቻቱ ማዶ ወደ ቤታቸው ገንደ ቆሬ ወሰደችኝ።

በማግስቱ ሃሊማ ከሆስፒታል ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት።

"ወለደች?"

"ወልዳለች። ሴት ናት። ጊዜዋ ስላልደረሰ መስታወት ውስጥ አስቀምጠዋታል። እዚያ ሆና ትፋፋለች፣ ኢንሻአላህ።"

"ክዳን አለው?"

"ምኑ?"

"መስታወቱ።"

"አለው።"

"ተዘግቷል?"

"ተዘግቷል፣ አቦ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

ደስ አለኝ። የእኔዎቹ ሦስት ብልቃጦች ክፍት መሆናቸው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከዚራ ልሂድ ብዬ ለመንኩ፤ ሰው የሌለበት ቤት ምን ልትሠሪ አሉኝ። ድልድዩን ብቻዬን መሻገር አይፈቀድልኝም። ሙቀቱ ያን ሰሞን የበር እጀታ የማያስነካ ነበር። ጋሽ ይልማ ደርሰውበት ይዘጉታል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሃሊማ ቀፊራ ገበያ ያለውን ሱቋን ዘግታ በሆስፒታል በኩል ትመለሳለች። በየቀኑ እጠይቃታለሁ። "ደህና ናት" ስትለኝ አልለቃትም፤ ምን ያህላል፣ ምን ይመስላል እላለሁ። እሷም መንገር ጀመረች። ፀጉሯ ጥቁር ነው፣ ግንባሯ ላይ ተጠቅልሏል። ጥፍሯ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ዛሬ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ዛሬ የነርሷን ጣት ይዛ አልለቅም አለች። እየነገረችኝ ሳለ ፊቷን አዙራ ሽንኩርት ትከትፋለች።

ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተን እናቴ ወጣች። ከባጃጁ ስትወርድ እጇ ላይ የልብስ ፌስታል ብቻ ነበር። ከኋላዋ አየሁ።

"የታለች?"

ሃሊማ ወደ ግድግዳው ዞረች። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና "በተወለደች በማግስቱ ነው፣ ልጄ" አለችኝ።

ቀኖቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አንድ ዓይኗን በከፈተችበት ቀን፣ ጣት በያዘችበት ቀን፣ የለችም ነበር። አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ረስቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የማን እጅ እንደሆነም የማውቅ መሰለኝ።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ተኝታ ሳለ ጠራችኝ።

"ሃሊማ ምን ትልሽ ነበር?"

"ስለ ማን?"

"ስለ እሷ። እኔ አላየኋትም። ስነቃ ቀብረዋት ነበር።" "ንገሪኝ" አለች።

"ውሸት ነው እኮ፣ እማ።"

"አውቃለሁ። ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ፀጉሯን፣ ጥፍሯን፣ ዓይኗን። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ "ግንባሯ ላይ?" ብላ አንዴ አቋረጠችኝ። በማግስቱም አስነገረችኝ። ሃሊማ ያላለችውን ከራሴ ጨመርኩበት፤ እናቴም ጨመርሽ አላለችኝም። እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ነው እህል የቀመሰችው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ጋሽ ይልማ የገባሁት። መምጣቴን በእግሬ ድምፅ አወቁ።

"ስለ እህትሽ ሰማሁ። አላህ ያጽናችሁ" አሉኝ፤ መስቀል አንገታቸው ላይ ነበር። ከዚያ በሹክሹክታ፣ እንደሚያፍሩ ሆነው፣ "እነሱን አልነካኋቸውም። እጄ ስለማይታመን እጥላቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። አንቺን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እስቲ እያቸው" አሉ።

ክዳኖቹ ጥዬአቸው በሄድኩበት መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። በብልቃጦቹ ውስጥ አፈሩ ከመስታወቱ ተላቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ላዩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይዟል። መነጽሩን አነሳሁ። አንድም አረንጓዴ የለም። ውሃ ስጨምር ቅርፊቱ እንደ ሻይ ቅጠል ተንሳፈፈ። ቀና ብዬ የሸክላውን ተክል አየሁ፤ ሦስቱን ዘለላ ለብናኙ ቆርጠናቸው ስለነበር አገዳ ብቻ ነው።

"ምን ይታያል?"

ክዳኖቹን አንድ በአንድ ገጠምኩ።

"ልቦች ናቸው፣ ጋሼ።"

"ስንት?"

"መሃለኛው ላይ ሃያ ሦስት።"

"ቀለማቸውስ?"

"አረንጓዴ። ጠርዛቸው ትንሽ ሞገድ አለው።"

ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልነግራቸው አስቤ ነበር። እናቴ ስትሰማኝ የነበራትን ፊት አየሁባቸውና አልቻልኩም።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ኖርን። በየቀኑ እገባለሁ፣ በመነጽሩ የደረቀ አፈር አያለሁ፣ የሌለውን እነግራቸዋለሁ። ያስተማሩኝን ሁሉ ተጠቀምኩበት፤ ቁጥር፣ መጠን፣ ቀለም። ከሃያ ሦስቱ ሁለቱ ጠቆሩ አልኳቸው፤ ሁሉም ደህና ከሆነ እንደማያምኑኝ ገብቶኝ ነበር። አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው "አንዴ ልዳብሳቸው?" ሲሉኝ "ጣት ከነካቸው ይሞታሉ ብለውኛል" አልኳቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ ተራራው ላይ የዘነበው ደቻቱን ሞልቶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ድልድዩ ወጣ። ጋሽ ይልማ ትከሻዬን ይዘው ሄድን። ውሃው የሚያወጣው ድምፅ ደረት ውስጥ ይሰማል።

"ምን ይታያል?"

እውነቱን ነገርኳቸው። ጭቃ ነው። ጎማ አለ። የቆርቆሮ በር። ሆዷ የተነፋ ፍየል።

"ይሄ ሁሉ ውሃ" አሉ። "የእኛዎቹ አንዲት ጠብታ ነው የሚፈልጉት።" ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ልጅቷ ገና አልወጣችም?" አሉኝ።

እዚያ ድልድይ ላይ፣ የሰዉ ጫጫታ ድምፄን ሊሸፍንልኝ ሲችል፣ መናገር ነበረብኝ። "ዛሬ ጠዋት ወጣች" አልኩ። "አንዲት ናት። ጫፏ ተጠቅልሏል። አገዳዋ እንደ ክር ነው።"

ትከሻዬን የያዘው እጃቸው ጠበቀ። ቤት እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

መስከረም ላይ የእህታቸው ልጅ ከአዳማ መጣች። ቤት መዋላቸው አላስደሰታትም፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ቀኙን ዓይናቸውን ሞራውን አነሱላቸው። እኔ ይህን የሰማሁት እናቴ "ዛሬ ይመለሳሉ፣ ያያሉ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ" ስትል ነው።

ከጎረቤት አጥር ላይ የጤና አዳም ጫፍ ቀንጥቤ ሮጥኩና መሃለኛው ብልቃጥ ውስጥ ተከልኩት። ቅጠሉ ትንሽ ይመስል ነበር። ክዳኑን ስገጥም ሽታው ክፍሉን ሞላው። መልሼ ነቀልኩትና እጄ ውስጥ ጨብጬ እዚያው ቆምኩ። ሲገቡ አገኙኝ።

ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። አወለቁት። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ ፊቴን ለይተው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ፈገግ ሊሉ ጀምረው ተዉት። ወደ መስኮቱ ሄዱ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አንስተው ወደ ብርሃን ያዙዋቸው። መሃለኛውን ከፍተው አሸተቱት።

"ጤና አዳም" አሉ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እማ ደም የፈሰሳት ዕለት። ክዳኑን ከፍቼ ረሳሁት።"

ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ብልቃጡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ያቺ ጫፏ የተጠቀለለችው?"

"አልነበረችም።"

"እኔ አይቻት ነበር" አሉ።

ብልቃጡን መልሰው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ወጣሁ። በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ሸክላውን ከነአገዳው ከቆሻሻ ጋር ስታወጣው፣ ብልቃጦቹንም አጥባ ለእናቴ ለጨው ይሆናሉ ብላ ስትሰጣት አየሁ። ብቻቸውን መኖራቸው ይብቃ ብላ አዳማ ልትወስዳቸው እንደሆነ ለእናቴ ነገረቻት። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ሁለት ሻንጣ ብቻ ነው የያዙት።

የሚሄዱበት ጠዋት ባጃጁ ግቢ ድረስ ገባ። እኔ ከበራችን ጀርባ ቆሜ በስንጥቁ አያቸዋለሁ። ሻንጣዎቹ ሲጫኑ ወደ ቤታችን መጡ፤ ያለ ማንም እርዳታ፣ ድንጋዮቹን እያዩ።

"ሰሚራ" አሉ በር ላይ ሆነው። "ሰሚራ" አሉ ደግመው።

እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ አየችኝ። አልወጣም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ሻርፗን አስተካክላ በሩን በከፊል ከፈተችና እኔን በጀርባዋ ሸፈነችኝ።

"ተኝታለች፣ ጋሼ" አለቻቸው።

ጋሽ ይልማ በዚያ አዲስ ዓይናቸው ከእናቴ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ አዩ። ከበሩ ስር እግሬ ይታይ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

"እሺ" አሉ። "አትቀስቅሻት።"